ሞታም ብሯ መመታቱን ያላቆመው ንግሥት

ባለፈው ለበዓል ሰቆጣ ስገባ አያቴ ከሳጥኗ ግርጌ በጨርቅ የቋጠረቻቸውን አራት ጠገራ ብሮች አውጥታ ጭኔ ላይ ዘረገፈችልኝ። አጎቴ ሊሸጣቸው ፈልጓል። አንድ አንጥረኛ በሚዛን እገዛለሁ ብሎታል፤ ማለትም አቅልጦ ቀለበት ሊያደርጋቸው። አያቴ ውሳኔውን እኔ ላይ ጣለችው፤ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ የገንዘብ ነገር ይገባዋል ብላ። (ስለ ጠገራ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ ግን ይሄ ለአያት እንዴት ይነገራል?)

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳኋቸውና አጎላሁት። አራቱም ላይ ያቺው ሞላ ያለች ሴት አለች፤ ራሷ ላይ ነጠላ የመሰለ ነገር፤ ዓመቱም በአራቱም ላይ 1780። ግን ልብ ብላችሁ ስታዩ አንድ አይደሉም። ትከሻዋ ላይ ያለው ብሮሽ በአንዱ ክብ ነው፣ በሌላው ሞላላ። ከጀርባ ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስርም ጅራቱ ይለያያል። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን ሳላውቃት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማሪያ ቴሬዛ ሜይ 13 ቀን 1717 ቪየና ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አባቷ ቻርልስ 6ኛ ወንድ ልጅ አላደገለትም። ስለዚህ በ1713 ግዛቱ ሳይከፋፈል ለሴት ልጅም እንዲተላለፍ የሚያደርግ ሕግ አወጣና የአውሮፓን ነገሥታት እንዲቀበሉት ሲለማመጥ ኖረ። ብዙዎቹ ተቀበሉ። ግን በ1740 እሱ ዓይኑን ሲከድን ወራት እንኳ ሳይቆይ የፕሩሺያው ፍሬድሪክ 2ኛ ሲሌዢያን ወረረ። ልጅቷ 23 ዓመቷ ነው፤ ካዝናው ባዶ፣ ጦሩ የደከመ፣ እሷ ራሷ እርጉዝ። በ1741 ሀንጋሪዎች ዘንድ ሄዳ ዘውድ ጫነች፤ መኳንንቶቻቸውንም ለምና ወታደር አሰለፈች። ጦርነቱ እስከ 1748 ቀጠለ። ሲሌዢያን አላስመለሰችም፤ ከቀረው አብዛኛውን ግን አስከበረች።

ለባሏ ለፍራንሲስ 16 ልጆች ወልዳለች። ከሴቶቹ የመጨረሻዋ በፈረንሳይ አብዮት አንገቷ የተቀላው ማሪ አንቷኔት ነች። ባሏ በ1765 ሲሞት ጥቁር ለበሰች፤ እስክትሞትም አላወለቀችም። አያቴ ዕድሜ ልኳን ነጠላ የመሰላት ያ መሸፈኛ የመበለት ልብስ ነው። ይህን ስነግራት ብሩን አንስታ ዝም ብላ አየችው። እሷም ባሏ ከሞተ ቆይቷል።

ጥሩ ሥራ አላት፦ መኳንንቱን ግብር አስከፍላለች፣ በ1774 ሕፃናት ሁሉ እንዲማሩ አዝዛለች፣ በ1776 እያሰቃዩ መመርመርን ከልክላለች። ግን ደግሞ በ1744 የፕራግን አይሁዶች ከከተማቸው እንዲባረሩ ያዘዘችው እሷው ነች። በብሩ ጠርዝ ዙሪያ የተቀረጸው መፈክሯ ስለ ፍትሕና ስለ ምሕረት ነው፤ ለእነሱ አልደረሳቸውም።

ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ሞተች። ታሪኳ ለእኛ የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

ብሯ በቀይ ባሕር ዙሪያ ቀድሞ ተለምዶ ነበር፤ ነጋዴውም ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበልም አለ። ስለዚህ ዓመቱ 1780 ላይ እንደቆመ መመታቱ ቀጠለ፤ 28 ግራም ገደማ፣ ከሺው 833 እጅ ንጹሕ ብር። የእኛ ሰቆጣ የጨው ገበያ ነች፤ ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ እዚህ ይራገፍ ነበር። አሞሌው ዝርዝር ነው፣ ጠገራው ድፍን። አሞሌ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ጠገራው ግን ዘውዷ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ተቆጥረው ልክ ከሆኑ የትም ያልፋል። ማዕከላዊ ባንክ የለም፣ ቁጥጥር የለም፤ ጥፍርና ዓይን ብቻ!

በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲዘምት መኖና እህል የገዛው በዚሁ ብር ነው፤ የቪየና ገንዘብ መምቻ ለዚያ ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠር መቷል። ያኔ ዋግና ላስታን የያዙት፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት ዋግሹም ጎበዜ ጦሩን መንገድ አልከለከሉትም። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ በራሳቸው መልክ ብር ፓሪስ አስመቱ፤ እሱም ቢሆን ሴትዮዋን ከገበያ አላስወጣትም።

በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። በዓመቱ ለንደን የራሷን ቀጠለች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተውታል። ሁሉም 1780 ይላል። ሰብሳቢዎች የሚለዩዋቸው በብሮሹ ቅርጽና ዕንቁ፣ በንስሩ የጅራት ላባ፣ በነጥቦቹ አቀማመጥ ነው። አሜሪካኖች የአንድን ቤዝቦል ተጫዋች ካርድ በየጥለቱ ካላሟሉ እንደማያርፉት፣ እነዚህም የአንዲት ሴትን ፊት በየዓይነቱ ይለቅማሉ። አንዱ ዓይነት በብሩ ክብደት ብቻ ይሸጣል፤ ሌላው ከዚያ በብዙ እጥፍ።

አጎቴን የያዝኩት በዚች ነው። አንጥረኛው የሚከፍለው ለግራሙ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ላባ የሚቆጠርለት የለም። ብዙ ተከራከርን። ጣሪያው ቆርቆሮ ይፈልጋል፣ ክረምቱ ደርሷል፤ እሱም እውነት አለው። በመጨረሻ ፊታቸው ተፍቆ ምኑም የማይለየውን ሁለቱን ወሰደ።

ከቀሩት ውስጥ እኔ ባለ ሞላላ ብሮሹን ለብቻው አስቀምጪው አልኳት። አያቴ ሌላኛውን አነሳች፤ ለሠርጓ የተሰጣት እሱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ቋጥራ ወደ ሳጥኑ መለሰቻቸው።