ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ
ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አድዋ የሄዱት የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ሊያጠኑ ነበር። በጅረት ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈዋል፣ ከበላይ ያሉት ግን ሕያዋን ናቸው። ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ትዝብት ተነሣ።

በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በአድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ በታናናሽ ሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሐኪም ቤት በሽተኛውን በኪኒን ያድናል፤ የዳነው ልጅ ግን ተመልሶ ከዚያው ወንዝ ይገባል። የእንዶድ ፋይዳ እዚህ ላይ ነው። ከሸርቆሌ ጎረቤት፣ በኩርሙክ ቆላ፣ የሽንት ቢልሃርዝያ መኖሩ የታወቀ ነውና በዚያ ግድብና ቦይ ለሚነድፍ መሐንዲስ ነገሩ ባዕድ አይሆንም።

የውጭ ድርጅቶች የአፍሪካን ላቦራቶሪ ውጤት ለመቀበል እጅግ ዘገዩ፤ አክሊሉም ይህን በአደባባይ ከመውቀስ አልቦዘኑም። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎም (ይህ ለሙያችን ሳይጥም አይቀርም) በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ሙሰል እንዶድ እንደሚገድለው ታየ። በ1997 አረፉ።