ሐኪሙ ሁሉሲ ቤሕቼት

ሁሉሲ ቤሕቼት እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. በኢስታንቡል ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች የተጠቀሱትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። እናቱ በልጅነቱ ስለ ሞተችበት ያደገው በአያቱ እጅ ነው። በ1910 የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ የቆዳ በሽታዎች ሐኪም ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኤዲርኔ የጦር ሆስፒታል አገለገለ፤ ከዚያም በቡዳፔስትና በበርሊን ዕውቀቱን አዳበረ።

ቤሕቼት ቁስልን አተኵሮ የመመልከት ልማድ ነበረው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣውን የቆዳ ቁስል ሲመረምር፣ ቅርፊቱ በተነሣ ጊዜ ከሥሩ እሾህ መሳይ ነገሮች አየና ለበሽታው መለያ አደረጋቸው። ይህ ቁስል፣ በሱዳን ከባሱንዳና ከገዳሪፍ አንሥቶ እስከ መተማና ሁመራ ባለው ቆላ ብዙ የእርሻ ሠራተኞችን ከሚያጠቃው ከካላዛር ጋር ይዛመዳል፤ የሁለቱም መነሻ የአንድ ወገን ተሕዋስያን ናቸው።

ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ በሽታ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ አንድ ሕመምተኛ ወደ እርሱ መጣ። አፉና ኀፍረተ ሥጋው ይቈስላሉ፤ ዓይኑም ይታመማል፤ ሻረ ሲባል ተመልሶ ያገረሽበታል። ሰውየው በኢስታንቡልም በቪየናም ብዙ ሐኪሞች ዘንድ ተመላልሶ ነበር። ዓይኑ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ብርሃኑ ፈጽሞ ጠፋ።

በ1930 አንዲት ሴት እንዲሁ ታማ መጣች። የነቀርሳና የቂጥኝ ምልክት ቢፈለግባት አልተገኘም። በ1936 ደግሞ ከጥርስ ክሊኒክ የተላከ ሌላ ሰው፣ አፉም ኀፍረተ ሥጋውም ቈስሎ፣ ዓይኑ ታሞ፣ ማታ ማታ እያተኰሰው ቀረበ። ሌሎች ለየብቻ ያዩአቸውን ምልክቶች ቤሕቼት አዛመዳቸውና አንድ በሽታ ናቸው አለ፤ በ1937ም በጀርመን የሕክምና መጽሔት አሳተመው። የዓይን ሐኪሞች ቀስ በቀስ ሲቀበሉት፣ የገዛ ሙያ ባልደረቦቹ የሆኑት የቆዳ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ተከራከሩት።

በሽታው ትንንሾቹንም ትልልቆቹንም የደም ሥሮች የሚያስቈጣ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ በአንድ ሰው ልዩ ልዩ አካላት ላይ የሚታየውም ስለዚህ ነው። እስከ ዛሬም በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ አንድ የደም ምርመራ የለም፤ ሐኪሙ የዓይን ሕመምተኛውን ስለ አፉ ቁስል ካልጠየቀ ሊያመልጠው ይችላል።

ቤሕቼት በ1948 በልብ ሕመም ሞተ። በሽታው በስሙ ይጠራል፤ ግሪካዊው የዓይን ሐኪም አዳማንቲያዲስም ተመሳሳይ ሕመምተኛ ቀደም ብሎ ገልጦ ስለ ነበር፣ አንዳንድ መጻሕፍት የሁለቱንም ስም አጣምረው ይጽፋሉ።