አንድም ጨዋታ ያልቀረው በረኛ

የበረዶ ሆኪ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ዛሬ በረኛው ቢጎዳ ሌላ በረኛ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዦርዥ ቬዚና በተጫወተበት ዘመን ግን ቡድኖች በአብዛኛው የሚይዙት አንድ በረኛ ብቻ ነበር። እሱ ከወጣ ማን ይግባ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ቬዚና የተወለደው በ1887 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አገሩ ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ቺኩቲሚ የምትባል በሳግኔ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ልጁም በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ዳቦ ቤት ገባ። ሆኪውን የለመደው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ያውም በተራ ጫማ። ሌሎቹ ስለት ባለው የመንሸራተቻ ጫማ ሲፈተለኩ እሱ ግቡ አፍ ላይ በመንገድ ጫማው ይቆማል። በረኛ ብዙ ስለማይሮጥ ያስኬዳል። ግን እስቲ በረዶ ላይ በተራ ጫማ ቆማችሁ ጠንካራ ጎማ በፍጥነት ሲመጣባችሁ አስቡት!

አድጎ ለቺኩቲሚ አማተር ቡድን መጫወት ጀመረ። አማተር ማለት ክፍያ የለም፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ጨዋታ። በየካቲት 1910 ገና አንድ ዓመት ያልሞላው የሞንትሪያል ካናዲያንስ ፕሮፌሽናል ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ቺኩቲሚ መጣ። የእንግዶቹ በረኛ ጆሴፍ ካታሪኒች ይባላል። ከማዶ ቆሞ ያንን የአገሬውን በረኛ ሲያይ ዋለና አለቆቹን ይህንን ልጅ አስመጡት ብሎ ወተወተ። ልብ በሉ፣ ቡድኑ የሚፈልገው አንድ በረኛ ነው። ሰውዬው የራሱን ቦታ ነው ለሌላ የሰጠው። እኔ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል።

ቬዚና መጀመሪያ እምቢ አለ። በዓመቱ መጨረሻ ደግመው ሲጠይቁት ከወንድሙ ከፒየር ጋር ለሙከራ ሄደ። ፒየር ወደቀ፣ ዦርዥ ተቀጠረ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1910 ከኦታዋ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። የመጀመሪያ ደመወዙ ለአንድ የውድድር ዘመን 800 የካናዳ ዶላር ነበር። በጋ በመጣ ቁጥር ቺኩቲሚ ተመልሶ የቆዳ ማልፊያ ሥራውን ያካሂዳል፤ ዝናው ከወጣ በኋላም እንደዚያው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀረም። 328 መደበኛ ጨዋታና 39 የማጣሪያና የዋንጫ ጨዋታ፣ በተከታታይ። በ1916 እና በ1924 ስታንሊ ካፕን አነሳ። በ1916 ዋንጫው በተወሰደበት ሌሊት ሁለተኛ ልጁ ተወለደ፤ ስሙም ማርሴል ስታንሊ ተባለ። ኤን ኤች ኤል ሲመሠረት በሊጉ ታሪክ ግብ ሳይቆጠርበት የወጣ የመጀመሪያው በረኛም እሱ ነው፤ የካቲት 18 ቀን 1918፣ ቶሮንቶን 9 ለ 0። በረኞች ኳሷን ለማስቀረት ወደ በረዶው እንዲወድቁ የተፈቀደላቸው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። እሱ ግን ከተፈቀደም በኋላ ቆሞ መጠበቁን አልተወም። በመረጋጋቱ የቺኩቲሚው ኪያር ይሉት ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ኪያር የእርጋታ ምሳሌ ነው። የክለቡ ሰው ሌዮ ዳንዱራንድ ደግሞ 22 ልጆች አሉት ብሎ ለጋዜጠኞች አወራ፣ ወሬውም ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ተጻፈ። ያደጉለት ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ተተኪ የሌለው ሠራተኛ የመደራደር አቅም አለው እንባል ነበር። የዚያኛውን ገጽ ግን ክፍል ውስጥ ያነሳው አልነበረም። ተተኪ የሌለው ሰው መታመም አይችልም።

በ1924-25 የውድድር ዘመን ቬዚና 38 ዓመት ሞልቶት በአማካይ በጨዋታ 1.81 ግብ ብቻ ነበር የሚቆጠርበት፤ ከሊጉ በረኞች ሁሉ ያነሰ። በቀጣዩ ዓመት ልምምድ ላይ ግን ሰውነቱ እያለቀ ነበር። ወደ 16 ኪሎ ቀንሷል፣ ለማንም ምንም አላለም። ኅዳር 28 ቀን 1925 ከፒትስበርግ ጋር ሲጫወቱ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግብ ሳይገባበት ጨረሰ። በእረፍት ደም አስታወከው። ይህም ሆኖ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ሊጫወት ወጣ፣ ግቡ አጠገብም ወደቀ። በቦታው የገባው በ1924ቱ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ የተሰለፈው አማተር በረኛ አልፎንስ ላክሯ ነው።

በማግስቱ ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። ያኔ ለቲቢ መድኃኒት አልነበረም፤ የመጀመሪያው የተገኘው በ1940ዎቹ ነው። ጓደኞቹን በመልበሻ ክፍል ተሰናብቶ ወደ ቺኩቲሚ ተመለሰ። መጋቢት 27 ቀን 1926 በ39 ዓመቱ አረፈ።

በዚያን ጊዜ የካናዲያንስ ባለቤቶች ሦስት ነበሩ፦ ዳንዱራንድ፣ ሉዊ ሌቱርኖ እና ያ ቦታውን የለቀቀለት ካታሪኒች። በቬዚና ስም ዋንጫ አሠርተው ለሊጉ ሰጡ፤ ጥቂት ግብ ለተቆጠረበት ቡድን በረኛ የሚሸለም። ከ1981-82 ጀምሮ አሸናፊውን የሚመርጡት የክለብ ሥራ አስኪያጆች በድምፅ ነው። በመጀመሪያ የወሰደው ግን በቬዚና ቦታ የቆመው አዲሱ የካናዲያንስ በረኛ ጆርጅ ሄይንስዎርዝ ነበር፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ።