ቶም ኪልበርን፦ የኮምፒውተርን ማህደረ ትውስታ ሥርዓት ያስያዙት መሐንዲስ

በዘመናዊ ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰሮች ውስጥ ፈጣኑ ማህደረ ትውስታ እጅግ ጠባብ ነው። በርካታ ፕሮግራሞች ይሻሙበታል፤ አንዱ የሌላውን መረጃ እንዳያይም ጥበቃ ያሻዋል። ለዚህ ችግር ቀዳሚ መፍትሔ ካበጁት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ቶም ኪልበርን ናቸው።

ኪልበርን እ.ኤ.አ. በ1921 በዮርክሻየር ግዛት በዲውስበሪ ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንተው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በራዳር ምርምር ተቋም አገለገሉ። ከጦርነቱ ፍጻሜ በኋላ ከፍሬዲ ዊሊያምስ ጋር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በመሥራት፣ መረጃን በካቶድ ሬይ ቱቦ ገጽታ ላይ በኤሌክትሪክ ነጥቦች የማኖር ዘዴን አዳበሩ። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1948 «ቤቢ» የተሰኘችው ማሽን በኤሌክትሮኒክ ማህደረ ትውስታዋ የያዘችውን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ በስኬት ፈጸመች። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ራሳቸው ኪልበርን ነበሩ፤ ማሽኗም መያዝ የምትችለው 32 ቁጥሮችን ብቻ ነበር።

ቀጥለው የመጡት ማሽኖች ሰፊ፣ ግን ዘገምተኛ የሆነ መግነጢሳዊ ከበሮ ተጨመረላቸው። ይሁንና መረጃውን ከከበሮው ወደ ፈጣኑ ማህደረ ትውስታ የማመላለሱ ሸክም በፕሮግራም ጸሐፊው ትከሻ ላይ ወደቀ። ኪልበርን ይህን ሥራ ለማሽኑ ለራሱ አስረከቡ። በእርሳቸው መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመረቀው «አትላስ» ፈጣኑን ማህደረ ትውስታ እያንዳንዳቸው 512 ቃላት በሚይዙ 32 ገጾች ከፈለ። የተፈለገው ገጽ በሌለ ጊዜ ማሽኑ ከከበሮው ያመጣዋል፤ ቦታ ሲጠብም ለረዥም ጊዜ የማያስፈልገውን ገጽ ገምቶ ይመልሳል። ለፕሮግራም ጸሐፊው ግን ሁሉም እንደ አንድ ሰፊ ማህደር ይታየው ነበር። እያንዳንዱ ገጽ መቆለፊያ ምልክት ስለነበረው፣ የአንዱን ፕሮግራም ገጽ ሌላው እንዳይነካው መከልከል ተቻለ።

ኪልበርን እ.ኤ.አ. በ1964 በማንቸስተር የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍልን መሥርተው እስከ 1981 አገለገሉ፤ በ2001ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ውርሳቸው ዛሬም ሕያው ነው፤ በኪስ ስልኮች ውስጥ የሚገኙት ፕሮሰሰሮች ሳይቀሩ ማህደረ ትውስታን በገጽ ከፍለው ያስተዳድራሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆኑት «ሜልትዳውን» እና «ስፔክተር» የተባሉት የደህንነት ክፍተቶች፣ መቆለፊያ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይተዋል። በፈጣኑ ማህደረ ትውስታ ያለ መረጃ ቶሎ ይነበባል፤ የሌለው ይዘገያል፤ ይህን የጊዜ ልዩነት የለካ ሰርጎ ገብም የተቆለፈውን ምሥጢር ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ የዛሬ መሐንዲሶች ፍጥነትን ከጥበቃ ጋር የማስታረቁን ሥራ ቀጥለዋል።