ከእርሻ ትልም እስከ ጨረቃ፦ የቴሌቪዥን ፈልሳፊው ፋይሎ ፋርንስዎርዝ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች ሠርግ፣ ምረቃ፣ የያሆዴና የመሳላ በዓላት አከባበር የተቀረጹባቸው የድሮ ካሴቶች በየቤቱ ይገኛሉ። ካሴቶቹ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው በስልክ ሲታዩ ግን የጨፋሪው እጅና የነጠላው ጥለት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ጥፋቱ የካሴቱም የቀራጩም አይደለም፤ ቴሌቪዥን ምስልን በመስመር ከፋፍሎ ከሚልክበት ጥንታዊ ዘዴ የመጣ ነው። ይህን ዘዴ በኤሌክትሮን ጨረር እውን ካደረጉት መካከል ግንባር ቀደሙ የገበሬ ልጅ ነበር።

ፋይሎ ፋርንስዎርዝ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1906 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ቢቨር በምትባል ከተማ አቅራቢያ በግንድ በተሠራ ጎጆ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ አይዳሆ ሲዛወር አዲሱ ቤት የራሱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው፤ ልጁም ማመንጫው በተበላሸ ቁጥር የሚጠግን ባለሙያ ሆነ። በ14 ዓመቱ በፈረስ እየጎተተ ማሳ ሲያለሰልስ፣ ከኋላው የተዘረጉትን ትይዩ ትልሞች ዞር ብሎ አየ። ምስልንም እንዲሁ ከዳር እስከ ዳር፣ ትልም በትልም በኤሌክትሮን ማረስ እንደሚቻል የገባው ያን ጊዜ ነው። በሬ ጠምዶ ያረሰ የሌሞ ወይም የአንጋጫ ገበሬ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1922 ንድፉን ለኬሚስትሪ መምህሩ ለጀስቲን ቶልማን ሠርቶ አሳየ። ይህ ንድፍ ኋላ ላይ ዕጣውን ይወስናል። አባቱ በ1924 ስለሞቱ የቤተሰቡ ሸክም በወጣቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ። ሐሳቡን ያመኑ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውለት በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ ሙከራ ከፈተ። መስከረም 7 ቀን 1927፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን ምስል ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው አስተላለፈ። ምስሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበር።

መከራው ከዚህ በኋላ መጣ። አርሲኤ የተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ለመግዛት ጠይቆ እምቢ ሲባል፣ ቀዳሚው የራሱ መሐንዲስ ቭላዲሚር ዝዎሪኪን ነው ብሎ ተከራከረ። መምህር ቶልማን ያን የትምህርት ቤት ንድፍ ይዘው መሰከሩ፤ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤትም በ1934 ለፋርንስዎርዝ ፈረደ። ኩባንያው በ1939 ክፍያ ለመፈጸም ተስማማ። ይሁን እንጂ የቴሌቪዥን ገበያ እውነተኛ መስፋፋት የጀመረው ከዓለም ጦርነት በኋላ፣ የፋርንስዎርዝ ዋና ዋና መብቶች ዘመናቸውን ሲጨርሱ ነበር። ሕፃን ልጁን በ1932 በሞት ተነጥቆ ነበር፤ ጭንቀቱና መጠጡም ጤናውን ጎዱት።

ካሴቶቻችን ላይ የሚታየው ማበጠሪያ የፋርንስዎርዝ ሥራ እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። በ1930ዎቹ መባቻ የጀርመኑ ፍሪትዝ ሽሮተርና የአርሲኤው ራንዳል ባላርድ አንድ ብልሃት አመጡ። በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ብቻ ቢታይ ዓይን ብልጭልጭታ ይሰማዋል፤ 50 ሙሉ ምስል መላክ ደግሞ የማስተላለፊያውን መንገድ ያጨናንቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ትልሞች ይታረሳሉ፤ ቀጥሎ የተዘለሉት ይሞላሉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራጨው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በዚሁ ሥርዓት፣ በ625 መስመርና በሰከንድ በ50 ግማሽ ምስሎች ሠርቷል። በሁለቱ ግማሾች መካከል የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት አለ፤ የተወዛወዘ እጅ በዚያች ቅጽበት ቦታውን ይለቃል። የድሮው ሣጥን ቴሌቪዥን ግማሾቹን ተራ በተራ ስለሚያሳይ አይታወቅም ነበር። ስልክ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያሳይ ስንጥቁ ይገለጣል።

መፍትሔው ዲኢንተርሌስ ይባላል፤ የጎደሉትን መስመሮች ከጎረቤቶቻቸውና ከፊትና ከኋላ ካሉት ምስሎች ገምቶ መሙላት ነው። ሃንድብሬክና ኤፍኤፍኤምፔግ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። ወሳኙ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ምስሉን ከማሳነስና ፋይሉን ከመጭመቅ በፊት መደረግ አለበት። አስቀድሞ ከታነሰ ሁለቱ ግማሾች ተደባልቀው ዳግም አይለያዩም። ሳይስተካከል ከተጨመቀም ማመቂያው የማበጠሪያውን ጥርስ እውነተኛ ዝርዝር መስሎት ቦታውን በከንቱ ያባክናል። በሚኒ ዲቪ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ሠርግ 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ተስተካክሎ በኤች 264 በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ሲጨመቅ ከ700 ሜጋባይት በታች ይሆናል። የሞባይል ዳታ ገዝቶ ለሚያይ ዘመድ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ቅጂ ግን አይጠፋም፤ የተገመተ መስመር ተመልሶ እውነተኛ አይሆንምና።

ፋርንስዎርዝ በ1957 በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄ ዝግጅት ላይ ሲቀርብ፣ ጠያቂዎቹ ቴሌቪዥንን የፈለሰፈ ሰው ፊታቸው መቀመጡን ሊደርሱበት አልቻሉም። ሐምሌ 20 ቀን 1969 ከባለቤቱ ከኤልማ ጋር ሆኖ በቤቱ የጨረቃውን ጉዞ ተመለከተ። ካሜራው ከጨረቃ ይልክ የነበረው፣ መንገዱ ጠባብ ስለነበር፣ በ320 መስመር በሰከንድ 10 ሙሉ ምስል ብቻ ነበር፤ መስመር እየዘለለ ለሚያሳየው ተራ ቴሌቪዥን እንዲስማማ የተለወጠው ምድር ላይ ነው። ፋርንስዎርዝ መጋቢት 11 ቀን 1971 በ64 ዓመቱ በሳምባ ምች አረፈ። ናሳ በ2009 ይፋ ባደረገው ምርመራ ደግሞ፣ ከጨረቃ የመጣውን ጥራት ያለውን ምስል የያዙት ዋና ካሴቶች ተደምስሰው ለሌላ ቀረጻ ሳይውሉ እንዳልቀሩ ተገለጸ። ዛሬ ታድሶ የሚታየው ከተለወጠው የቴሌቪዥን ስርጭት የተረፈው ነው።