የቢራ ጠማቂው ሊቅ፤ ዊልያም ሲሊ ጎሴት

በስታቲስቲክስ መግቢያ ትምህርት መላምትን መፈተንና የመተማመኛ ወሰንን ማስላት የሚለማመድ ሁሉ «የስቱደንት ቲ» የተባለውን ሠንጠረዥ ይገልጣል። ስቱደንት በእንግሊዝኛ ተማሪ ማለት ስለ ሆነ፣ ሠንጠረዡ ለተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ስቱደንት የአንድ ሰው የብዕር ስም ነው፤ የሰውየው እውነተኛ ስም ዊልያም ሲሊ ጎሴት፣ ሙያቸውም ቢራ ጠመቃ ነበር።

ጎሴት እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1876 በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመሐንዲስ ጦር ኮሎኔል ነበሩ፤ እርሳቸውም ያንኑ መንገድ እንዳይከተሉ የዐይናቸው ድካም አገዳቸው። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ከተማሩ በኋላ በ1899 ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠሩ።

ፋብሪካው የሚገዛው ገብስ፣ በእኛ አገር የጌሾን ተግባር የሚፈጽመው ሆፕስና የሚያረባው እርሾ ሁሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጥ ነበር። አንዱን የገብስ ዘር ከሌላው ለማወዳደር የሚገኘው ውጤት ከአራት ወይም ከአምስት መደብ አይበልጥም፤ ሙከራውን ለመድገም ሌላ የመኸር ወቅት መጠበቅ ያስፈልጋል። የዘመኑ የስሕተት ሕግ ደግሞ የተሠራው በመቶና በሺህ ለሚቆጠር ልኬት ነው። ጎሴት ይህን ችግር በ1904 ለፋብሪካው ባቀረቡት ሪፖርት ገለጡ፤ በተከታዩም ዓመት የዘመኑን ታላቅ ስታቲስቲሺያን ካርል ፒርሰንን አግኝተው አማከሩ። ከ1906 እስከ 1907 በለንደን በፒርሰን ቤተ ሙከራ ሠሩ። ፒርሰን በሺህ የሚቆጠር ልኬት በእጃቸው ስለ ነበረ የአራት መደብ ጭንቀት ብዙም አልተሰማቸውም፤ ጭንቀቱ የጠማቂው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ዝነኛው ጽሑፍ በ1908 በባዮሜትሪካ መጽሔት ወጣ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዳያሳትሙ ይከለክል ስለ ነበር የደራሲው ስም ስቱደንት ተባለ። ጎሴት የሒሳቡን አንድ ክፍል የደረሱበት በተሟላ ማረጋገጫ ሳይሆን በብልህ ግምት ነበር። ስለዚህም የ3,000 ወንጀለኞችን ቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ርዝመት በካርዶች ላይ ጽፈው፣ ካርዶቹን ደኅና አድርገው በውዘው፣ አራት አራት እያደረጉ 750 ናሙናዎች አወጡ። የእያንዳንዱን አማካይና ሥርጭት አስልተው ከቀመራቸው ጋር አስተያዩት፤ በአጥጋቢ ሁኔታም ገጠመ። ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት የሚፈጽመው ሥራ ያን ጊዜ የእጅ ድካምና የትዕግሥት ፍሬ ነበር።

በዚያው ጽሑፍ ዐሥር ሕሙማን በሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ያገኙት ተጨማሪ እንቅልፍ ተነጻጽሯል። የልዩነቱ አማካይ 1.58 ሰዓት፣ የአማካዩ መደበኛ ስሕተት 0.39 ያህል ነው። በአሮጌው ልማድ መደበኛውን ስሕተት በ1.96 ያበዛ ሰው፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ከ0.82 እስከ 2.34 ሰዓት ነው ይላል። በስቱደንት ሠንጠረዥ ግን ለዐሥር ልኬት ማባዣው 2.26 ስለ ሆነ ወሰኑ ከ0.70 እስከ 2.46 ይሰፋል። ለአራት ልኬት ማባዣው 3.18 ይደርሳል። ጎሴት ያስተማሩት ጥቂት ያየ ሰው የዕውቀቱን ማነስ በስፋቱ እንዲከፍል ነው። እርግጥ «ቲ» የሚለው ፊደልም ሆነ «የመተማመኛ ወሰን» የሚለው ስያሜ የእርሳቸው አይደለም። የመጀመሪያው ከፊሸር ጋር ባደረጉት ምክክር በ1920ዎቹ ተደላደለ፤ ሁለተኛው በ1930ዎቹ ከኔይማን መጣ።

ሮናልድ ፊሸር ገና የኬምብሪጅ ተማሪ ሳሉ በ1912 የተሟላውን ማረጋገጫ ጽፈው ላኩላቸው። ጎሴት ረቂቁን ጂኦሜትሪ በሚገባ እንዳልተከተሉት ሳያፍሩ ገልጠው ለፒርሰን አስተላለፉት። በ1926 ደግሞ የፒርሰን ልጅ ኢገን ላቀረቡላቸው ጥያቄ በጻፉት መልስ፣ አንድን መላምት ለመጣል የውጤቱ ብርቅነት ብቻ እንደማይበቃ፣ ነገሩን በተሻለ የሚያስረዳ ሌላ መላምት ሊኖር እንደሚገባ አመለከቱ። የኔይማንና የኢገን ፒርሰን የመላምት ፈተና ንድፈ ሐሳብ ከዚህ ፍንጭ ተነሣ። ለጎሴት የእርግጠኝነቱ መጠን ራሱ የሚወሰነው በስሕተት ከሚደርሰው ኪሳራ ነበር፤ 5 በመቶን እንደ ድንበር ድንጋይ ተክሎ በጭፍን መፍረድ የኋላ ሰዎች ልማድ ነው፤ በብዙ ክፍሎችም እስከ ዛሬ እንደዚያው ይሰጣል።

የናሙና ብዛት ብቻውን እንደማያድን ያሳዩት በ1931 ነው። በስኮትላንድ በላናርክሻየር 10,000 ሕፃናት ወተት እየጠጡ፣ ሌሎች 10,000 ሳይጠጡ እድገታቸው ተለክቶ ነበር። ጎሴት መዝገቡን መርምረው፣ ወተት ያልተሰጣቸው ከጅምሩ ቁመታቸውና ክብደታቸው የበለጠ መሆኑን አስተዋሉ፤ መምህራኑ በርኅራኄ ተነሣስተው ወተቱን ወደ ድኾቹ ልጆች እንዳዘነበሉት ገመቱ። በ50 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ቢሞከር ወጪው እጅግ አንሶ ውጤቱ ይበልጥ የሚታመን በሆነ ነበር። ሆኖም በእርሻ ሙከራ ረገድ መደቦችን በዕጣ ብቻ መደልደልን አልተቀበሉም፤ በዚህም ከወዳጃቸው ከፊሸር ጋር እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። የኋላው ዘመን በአብዛኛው ለፊሸር ፈረደ።

ጎሴት በ1935 አዲሱን የለንደን ፋብሪካ እንዲመሩ ተዛወሩ፤ ኦክቶበር 16 ቀን 1937 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። በመደብ ድልድሉ ክርክር ላይ የጻፉት የመጨረሻ መልስ በ1938 በባዮሜትሪካ ታተመ። በ1942 ሥራዎቻቸው ተሰብስበው በአንድ መጽሐፍ ሲወጡም በርእሱ ላይ የሰፈረው ስም ያው ስቱደንት ነበር።