መዶሻ የጨበጡት ካህን፦ አባ ፔድሮ ፓኤዝ

አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በእስፓኝ አገር ተወለዱ። በ1582 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ በባሕር ላይ ተማርከው ሰባት ዓመት በየመን በምርኮ ቆዩ። ከተዋጁ በኋላም አሳባቸውን አልለወጡም፤ በ1603 ምጽዋ ደርሰው በትግራይ በምትገኘው በፍሬሞና ተቀመጡ።

በዚያም የአገሩን ቋንቋ ተምረው ትምህርተ ክርስቶስን ለሕፃናት በአማርኛ ያስተምሩ ጀመር። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ባስጠሯቸው ጊዜ፣ ራሳቸው ብቻ ከመናገር ይልቅ ተማሪዎቻቸው የሆኑት ልጆች በንጉሡ ፊት ትምህርቱን እንዲያሰሙ አደረጉ። ትምህርተ ክርስቶስ ለምታስተምሩ ሁሉ ይህ የሚታሰብ ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ በጣና ዳር በጎርጎራ ቤተ መንግሥት እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው። በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ እየተባለ ይናቅ ነበር። (ዛሬስ በጋራዥ ውስጥ እጁ ግሪስ የነካውን ልጅ ሁላችን በአክብሮት እንመለከተዋለንን?) አባ ፔድሮ ግን መዶሻውንና መሮውን ራሳቸው እየሠሩ ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ፣ እንጨት እንዴት እንደሚጋጠም ለአገሩ ሰዎች በእጃቸው እያሳዩ አስተማሩ። ኖራ ገና በሥራ ላይ ስላልዋለ ግንቡ በጭቃ ተያያዘ። ሕንጻው ባለ ፎቅ ነበርና ሕዝቡ ቤት ላይ ቤት ብሎ ጠራው።

ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከንጉሡ ጋር ሳሉ በሰከላ ግሽ ዓባይን አዩ፤ እንደ ባለሙያነታቸውም የምንጩን ጥልቀት በጦር ለኩ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ የደረሰው በ1770 ሲሆን፣ ቀዳሚነቱን ለራሱ ለማድረግ ብዙ ደክሟል።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊካዊነታቸውን በይፋ ገለጹ። አባ ፔድሮም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በንዳድ ታመው በጎርጎራ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥታቸውን አልወረሱም፤ የአገሩ ሥርዓት በግድ ይለወጥ በመባሉ ብዙ ደም ፈሰሰ። ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ።

ወደ ጎርጎራ የሚሄዱ ምእመናን የሚያዩት የማርያም ግምብ ፍርስራሽ ከአባ ፔድሮ ሞት በኋላ የተሠራ ነው።